የጄኔሬተሩን ውሃ፣ ዘይትና ናፍጣ ማን ያያል?

በአዲስ አበባ ብዙ ሕንፃዎች ጓሮ የናፍጣ ጄኔሬተር ቆሟል። ፈሳሹን እንዲያይ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ የግቢው ጥበቃ ነው። «ውሃ ጨምርበት» ይባላል እንጂ መቼና እንዴት እንደሚጨመር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው አያገኝም። ሰው የሚቃጠለው ደግሞ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ በድንገት እንዳይነሣ ማድረግ ይገባል። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ ጄኔሬተር፣ ቺንጋው አጠገብ የሰው እጅ ይኑር አይኑር አያውቅም። ማዞሪያውን ኦፍ ላይ ያድርጉ፣ የባትሪውን ቻርጀር ያጥፉ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይንቀሉ።

ቀጥሎ ራዲያተሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ሞተር ሲሠራ ውሃው እዚያው አካባቢ ይሞቃል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል። ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ በትኩሱ ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፤ ውሃውም በዚያችው ቅጽበት ይፈላና ወደ ፊት ይገነፍላል። ጨርቅ ጣል አድርገው በቀስታ የሚከፍቱ አሉ፤ እኔ ፈጽሞ አልመክርም። ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ እስከማያቃጥል ድረስ ይጠብቁ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስም ቴስታታ ሊሰነጥቅ ይችላል። የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ ውስጥ ውስጡን ይጋገራል፤ ስለዚህ የሚጨመረው አምራቹ ያዘዘው ኩላንት ነው። የተረፈውን በባዶ የውሃ ሃይላንድ አያስቀምጡ፤ ብዙው ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ልጆች ይጠጡታል።

ዘይት የሚታየው ማሽኑ ደልዳላ መሬት ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ወደ ላይ የወጣው ዘይት ወደ ታች እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ ነው። መለኪያ ዘንጉን መዝዘው ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው ይመልሱት፣ እንደገና መዝዘው ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ይዩ። መጥቆሩ አያስደንግጥዎ፤ የናፍጣ ሞተር ጥላሸት አዲስ ዘይትንም ቶሎ ያጠቁራል። የሚያስፈራው ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ነው፤ ውሃ ገብቶበታል። ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ያለ ዘይትም ናፍጣ ወይም ውሃ እየገባበት ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ሳያስነሡ መካኒክ ይጥሩ። ሲጨምሩም ጥቂት በጥቂት ይሁን፦ ትርፉን ዘይት ክራንክ ሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አያድንም። ጎድሎ ባገኙ ቁጥር ምን ያህል እንደጨመሩ ደብተር ላይ ይጻፉ። በየሳምንቱ የሚጎድል ዘይት ወይ እየፈሰሰ ነው ወይ እየተቃጠለ፤ ዝም ብሎ መሙላት ጉዳቱን ይሸፍናል።

ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይያያዝም፤ ይህ ብዙዎችን አዘናግቷል። በጋለ የጭስ ቱቦ ላይ ቢፈስ ግን ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል፤ ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ይሞላ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ በርሜሉም ታንኩም ግርጌ ይተኛል። ከበርሜሉ ሲቀዱ ግርጌውን ይተዉት፤ ከፊልትሮው በታች ያለችውን ማፍሰሻም ከፍተው ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ውሃውን ያውጡ።

ከፖምፓው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቀጭን ቱቦ ላይ ናፍጣ የሚያፈስ ከመሰለዎ በጣትዎ አይዳስሱ። ግፊቱ በዘመናዊ ሞተሮች ከ1,600 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ፍሳሽ ቆዳ በስታ ትገባለች። ሞተሩን አጥፍተው ለመካኒክ ይተዉት። ናፍጣው ቆዳ ከበሳ ቁስሉ ትንሽና የማያም ቢመስልም እንኳ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ፣ ለሐኪሙም «በግፊት የገባ ናፍጣ ነው» ብሎ መንገር ያስፈልጋል።