ክራሩን ማን ቃኘው?

በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ልጆች ተደርድረው «ትዝታ» ሲገርፉ ወላጅ ደስ ይለዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ግን በጆሯችሁ ልንገራችሁ፤ የሁሉንም ክራር የቃኘው አንድ ሰው፣ መምህሩ ነው። በየሳምንቱ የክራር ትምህርትም እንዲሁ ነው። ልጆቹ ብዙ፣ ሰዓቱ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ስድስቱን ክር ራሱ ይቃኝ ቢባል ትምህርቱ እዚያው ላይ ያልቃል። ስለዚህ መምህሩ ቀድሞ ይገባና የስልኩን መቃኛ እያየ ሁሉንም በአንድ ልክ ወጥሮ ይጠብቃቸዋል።

ይህን የሚያደርገው ለልጆቹ አስቦ ነው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ክራር ከጥንትም የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ መጠበቅ ያለበት በክሮቹ መካከል ያለው የድምፅ ርቀት ነው፤ መነሻውን የሚወስነው የተጫዋቹ ጉሮሮ ነው። ሁሉም በአንድ ልክ ሲወጠር፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ ልጅ ወደ ላይ መውጣት ያቅታትና «እኔ ድምፅ የለኝም» ብላ ትደመድማለች። የሚያሳዝነው፣ መምህሩም አንዳንዴ ያምናታል። ክሮቹን ትንሽ አላልቶ ቢሰጣት ግን ያው ዘፈን ከአፏ ሌላ ሆኖ ይወጣል።

ራሱ በሚቃኝና በሚቃኝለት ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ፈተና ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሀል ላይ አንድ ክር ሲላላ፣ ራሱ መቃኘት የለመደው ልጅ እየተጫወተ ጠበቅ አድርጎት ያልፋል። ሌላው ቆም ይልና የመምህሩን ፊት ያያል። ጣቱ የፈጠነ፣ ኖታ አንባቢ ሊሆን ይችላል፤ ትክክል መሆኑን የሚነግረው ግን የራሱ ጆሮ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቱ ሳይነካ እንደሚጠበቅ፣ የቱ ለተማሪው እንደሚተው ያውቁበታል። ድጓ ቤት ከዜማው ምልክት ዝንፍ ማለት የለም። ቅኔ ቤት ግን ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርምለታል እንጂ አይቆጥርለትም። ክራር እየመታች ትዘፍን የነበረችው አስናቀች ወርቁም ክራርን የተማረችው በራሷ ጥረት ነበር። ድምፅዋንና ክራሯን ለይቶ መስማት የሚቸግረው ለዚህ ይመስለኛል።

መፍትሔው ለመምህራን የተሰወረ አይደለም። የመጀመሪያውን ወር ለመቃኘት ብቻ መስጠት ነው፤ አንድ ክር፣ ከዚያ ሁለት፣ እያንጎራጎሩ። እኛ መምህራን ይህን የማናደርገው ወላጅን ስለምንፈራ ነው። የሚከፍል ወላጅ በወሩ ዘፈን መስማት ይፈልጋል፤ ካልሰማ ልጁን ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ልጃችሁ አንድም ዘፈን ሳይችል ወሩ ቢያልቅ፣ ክፍያውን ከማቋረጣችሁ በፊት ክሮቹን ሁሉ አላሉና «እስቲ ቃኘው» በሉት።