በእጅ ስልክ ፊልም ሲታይ የባትሪ ኀይል ስለሚቆጠብበት መንገድ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ መርሳን ላለፈ መንገደኛ፥ ሲሪንቃ በግብርና ምርምር ማእከሉ የታወቀ ስፍራ ነው። ማሽላና ማሽላን የሚያጠፋው አቀንጭራ በዚያ ከሚጠኑት ነገሮች መካከል ናቸው። እንዲህ ያለው ጥናት ወደ ገበሬው ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ ዛሬ አጭር ፊልም ነው። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ፥ በአማራ ክልል ጭምር፥ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለገበሬዎች ፊልም ሲያሳይ ቆይቷል። ፊልሙ በየሰው ስልክ ሲታይ ግን ነገሩ የስልኩ ባትሪ ጉዳይ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ መብራቱም የስልክ መስመሩም ለወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፥ የተሞላ ባትሪ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያሻም።

ፊልም በስልክ ውስጥ የሚቀመጠው ተጨምቆ ነው። ወርዱ 1280፥ ቁመቱ 720 ነጥብ የሆነ አንድ ሥዕል 921,600 ነጥቦች አሉት፤ በሰከንድ 25 ሥዕል የሚታይ ከሆነ በየሰከንዱ 23,040,000 ነጥብ መሠራት አለበት ማለት ነው። ፊልሙን የሚጨምቀው መሣሪያ ይህን ሁሉ አይጽፍም። ማሳው ባለበት ቆሞ ገበሬው እጁን ብቻ ቢያነሣ፥ ያለፈው ሥዕል እንዲወሰድና የእጁ ቁራጭ ብቻ እንዲዛወር የሚያዝ አጭር ትእዛዝ ይጽፋል። መፍታት የምንለውም ስልኩ ትእዛዙን እያነበበ፥ ያለፉትን ሥዕሎች ከማኅደረ ትውስታው እያመጣ፥ አዲሱን ሥዕል መሥራቱን ነው። ይህ ወዲያና ወዲህ መመላለስ ራሱ ኀይል ይበላል።

ሥራው በሁለት ዐይነት ይከናወናል። አንደኛው ለማንኛውም ሥራ በተዘጋጀው ዋና ፕሮሰሰር ነው፤ ሁለተኛው ለመፍታት ብቻ ተብሎ በተሠራ ልዩ የኤሌክትሪክ ዑደት ነው። ልዩው ዑደት ሌላ ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀውን ግን እጅግ ባነሰ ኀይል ይሠራል። እንደ እኛ አስተያየት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የወጣው ኤች 264 የተባለው የአጨማመቅ ሥርዐት በዘመናዊ ስልኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ልዩ ዑደት አለው። ኤቪ 1 የተባለው የ2018 ሥርዐት ግን ፊልሙን ይበልጥ ያሳንሳል እንጂ፥ በብዙ ርካሽና አሮጌ ስልኮች ዑደቱ የለም፤ የአፕል ኩባንያ እንኳ በስልኮቹ ያስገባው በ2023 ነው። ዑደቱ በሌለበት ዋናው ፕሮሰሰር ይደክማል፥ ስልኩም ይግላል። እንግዲህ ትንሹ ፊልም ሁልጊዜ ቆጣቢ ነው የሚለው ሐሳብ ያሳስታል። ፊልሙ በኢንተርኔት የሚመጣ ከሆነ ማነሱ የዳታ ብርና የአንቴናውን ኀይል ይቆጥባል፤ ከጓደኛ በሜሞሪ ካርድ የተገኘ ከሆነ ግን ትርፉ የካርዱ ቦታ ብቻ ነው፥ ኪሳራውም በባትሪው ላይ ይወድቃል።

ዋናው ፕሮሰሰር መሥራቱ የግድ ከሆነም ዘዴ አልታጣም። ፕሮሰሰሩ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀው ኀይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፥ ፍጥነቱ ተቀንሶ ቮልቴጁ በ20 በመቶ ቢወርድ ለዚያው ሥራ የሚወጣው ኀይል በ36 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ችግሩ የሚመጣው ሥዕል ከባድ ይሁን ቀላል አስቀድሞ ማወቁ ነው፤ ዝግ ያለ ፕሮሰሰር ከባድ ሥዕል ሲገጥመው ፊልሙ ይቆራረጣል። ለዚህም በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ ፊልሙ የሚቀጥሉትን ሥዕሎች ክብደት የሚናገር ማስታወሻ ይዞ እንዲጓዝ ያደርጋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጨማቂውም ስልኩም ደንቡን ካላወቁት አይጠቅምም።

ለሲሪንቃና ለመሰሉት ቦታዎች ይልቅ ቀላሉ መንገድ ፊልሙን በኤች 264፥ ወርዱን 640፥ ቁመቱን 360 አድርጎ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ልክ የሥዕሉ ነጥቦች 230,400 ብቻ ይሆናሉ፤ ይኸውም ቀድሞ ከጠቀስነው ሩብ ነው። የአቀንጭራ አበባ ከሩቅ ተነሥቶ እንደሆነ በዚህ መጠን ላይለይ ይችላልና ካሜራው ይጠጋ። ጭመቃው ራሱ ብዙ ኀይል ይፈጃል፤ ይሁን እንጂ በመርሳ ወይም በወልድያ፥ መብራት ባለበት ሰዓት፥ በአንድ ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በስንት ስልክ ቢዞር ትርፉ ከእያንዳንዱ ባትሪ ላይ ይገኛል።