ዜሮ ባይት ፋይል አይዘጋም

ፕሮግራሚንግ በሚማሩ ልጆች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። «ነል ካራክተር የፋይል መጨረሻ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ፋይል ውስጥ አይጻፍም፤ ከተገኘም ተጠርጎ መውጣት አለበት» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ግን ከስህተትነት አልፎ ሰነድ ያጠፋል፤ የአማርኛ ሰነድ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

እምነቱ ከሜዳ አልመጣም። የሲ ቋንቋ፣ ከእሱ በፊት እንደነበረው ቢ ቋንቋ ሁሉ፣ የጽሑፉን ርዝመት መዝግቦ አይዝም፤ መጨረሻው ላይ ምልክት ያኖራል። በሲ ይህ ምልክት ነል፣ ማለትም ዋጋው ዜሮ የሆነ ባይት ነው። ርዝመቱ በአንድ ባይት ቢመዘገብ ኖሮ ጽሑፉ ከ255 ባይት መብለጥ ባልቻለም ነበርና ምርጫው ምክንያት ነበረው። ስለዚህ በሲ ስትሪንግ ውስጥ ነል መጨረሻ ነው ያለ ሰው እውነቱን ነው።

ስህተቱ የሚመጣው የሚሞሪው ሕግ ወደ ዲስክ ሲሻገር ነው። ፋይል የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው ከይዘቱ አይደለም፤ ስንት ባይት እንደሆነ ፋይል ሲስተሙ ለብቻው መዝግቦ ይዞታል። ኢኦኤፍ (የፋይል መጨረሻ) የሚባለውም በፋይሉ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። የሚነበብ ሲያልቅ አንባቢው ፈንክሽን የሚመልሰው፣ ከ0 እስከ 255 ካሉት የባይት ዋጋዎች ውጭ የሆነ ቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ -1። ሲፒኤም በሚባለው የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዘመን የፋይል ርዝመት የሚመዘገበው በባለ 128 ባይት ቁራጮች ብቻ ስለነበር የጽሑፍ ፋይሎች መጨረሻ ላይ በእርግጥም ምልክት ይደረግ ነበር፤ ያ ምልክት ግን 26 ቁጥር እንጂ ዜሮ አልነበረም።

ታዲያ ነል የጻፉ ተማሪዎች ፋይላቸው ተቆርጦ የሚያገኙት ለምንድን ነው? የቆረጠው ፋይሉ ሳይሆን የጻፉበት ፈንክሽን ነው። ኤፍፑትስ የሚባለው የሲ ፈንክሽን ስትሪንግ ስለሚጠብቅ ነሉ ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ ነሉን ራሱንም አይጽፍም። ኤፍራይት ግን ስንት ባይት እንደሚጽፍ በቁጥር ስለሚነገረው ዜሮውንም እንደማንኛውም ባይት ይጽፈዋል። የፒኤንጂ ምስል ሲጀምር ባይቶቹ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10፣ 0፣ 0፣ 0፣ 13 ናቸው። ይህን ምስል በኤፍፑትስ ለመገልበጥ የሞከረ ሰው የሚያገኘው 8 ባይት ብቻ ነው። ለኤፍራይት በስትርሌን ቆጥሮ የሰጠውም የሚያገኘው ያንኑ 8 ባይት ነው፤ ስትርሌንም ነል ጋ ነው የሚቆመው።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። በዩኒኮድ ውስጥ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ ማለትም 18 ጊዜ 256፣ ቀሪ ዜሮ። «ጀ» ደግሞ 4864 ነው፤ 19 ጊዜ 256፣ ቀሪ ዜሮ። በዩቲኤፍ-16 እያንዳንዱ ፊደላችን ሁለት ባይት ሲይዝ፣ በዋናው የኢትዮፒክ ሰንጠረዥ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ዜሮ የሚሆንባቸው እነዚህ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። ዊንዶውስ በሚከተለው ቅደም ተከተል ትንሹ ባይት ይቀድማል፤ ስለዚህ «ሀገር» ሲጻፍ 0፣ 18፣ 8፣ 19፣ 45፣ 18 ይሆናል። ይህን በኤፍፑትስ የጻፈ ፕሮግራም አንድም ባይት አይጽፍም። «መጀመሪያ» ቢሆን «መ» ብቻ ትቀራለች። በቃላት መካከል ያለው ተራ ክፍት ቦታም በዚሁ አጻጻፍ 32 እና 0 ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚሰጠው ምክር ነው፦ «ፋይሉ ውስጥ ነል ካለ ሁሉንም ሰርዘው፣ ቆሻሻ ነው።» ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች የሞከሩት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። እዚያ በየፊደሉ ጎን ያለው ዜሮ ሲወገድ ጽሑፉ በአጋጣሚ ደህና ይመስላል፤ «ሠራልኝ» ብለው ለሌላው ያስተላልፋሉ። «ሀገር» ላይ ሞክሩት። ዜሮው ሲወጣ 18፣ 8፣ 19፣ 45፣ 18 ይቀራል። ጥንዶቹ ተንሸራተው 18 ከ8 ጋር፣ 19 ከ45 ጋር ይጣመራሉ፤ የመጀመሪያው ጥንድ የሳምራውያን ፊደል፣ ሁለተኛው የጥንት ጆርጂያ ፊደል ሆኖ ይነበባል፣ የመጨረሻው 18 ያለ ጓደኛ ይቀራል። ከኋላው ሌላ ጽሑፍ ካለም ሌላ ዜሮ እስኪወገድ ድረስ አብሮ ይዛባል። የትኛው ዜሮ የት እንደነበረ የሚነግር ምልክት ስለማይኖር ዋናው ቅጂ ያልተቀመጠለት ሰው ሰነዱን የሚመልስበት አስተማማኝ መንገድ የለውም። ትክክለኛው ሥራ ፋይሉ በምን ኢንኮዲንግ እንደተጻፈ አውቆ ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ነው። በዩቲኤፍ-8 «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ነው፤ በውስጡ ዜሮ የለም፤ ነል ራሱ ካልተጻፈ በቀር ዜሮ ባይት የትም አይመጣም።

ነል ሁሉም ዘንድ መጨረሻ ነው ብሎ መገመት የደኅንነት ቀዳዳም ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሞክሲ ማርሊንስፓይክ የተባለ ተመራማሪ በድረ ገጽ ሰርተፊኬት ስም መካከል ነል በማስገባት ያሳየው ይህንን ነው። ሰርተፊኬቱ የስሙን ርዝመት በቁጥር ስለሚይዝ ሰጪው ድርጅት ስሙን እስከ ጫፉ አንብቦ የራሱ የአመልካቹ ድረ ገጽ መሆኑን ያያል፤ ብራውዘሩ ግን ነሉ ጋ ቆሞ የታወቀ የክፍያ ድርጅት ስም ያነባል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። «ነል እና 0 አሃዝ አንድ ናቸው» ይባላል፤ አይደሉም፣ አሃዙ በአስኪ 48 ነው፤ ክፍት ቦታም 32 ነው። «ፓይተን ነል አይጽፍም» የሚለውም ሐሰት ነው፤ ይጽፋል፣ እምቢ የሚለው ነል ያለበትን የፋይል ስም ነው፤ ዩኒክስም በፋይል ስም ውስጥ ነልን አይፈቅድም። «\0 ምንጊዜም ነል ነው» ለሚሉ ደግሞ፦ በሲም በፓይተንም ከኋላው 12 ብታስከትሉ \012 ሆኖ አዲስ መስመር የሚያስጀምረው 10 ቁጥር ባይት ይሆናል። ነል ሞልቶ የሚታይ ትልቅ ፋይል ሁሉ ዲስክ ይበላል ማለትም ትክክል አይደለም፤ ብዙ ፋይል ሲስተሞች ተዘልሎ የታለፈን ቦታ ሳያስቀምጡ ሲነበብ ብቻ ዜሮ አድርገው ይሰጡታል።

«ጽፌው ነበር፣ ስከፍተው ግን የለም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የማሳያው ጉዳይ ነው። ነል የሚታይ ቅርጽ ስለሌለው ተርሚናል ላይ ምንም አይታይም። በሊነክስና በማክ ኦዲ የሚባለውን ትእዛዝ ከ-c አማራጩ ጋር አስኬዱት፤ እያንዳንዱን ባይት ዘርዝሮ ያወጣል፣ ነሉንም በቦታው \0 ብሎ ያሳያል።