ስለ ስሞች ልል ማዛመድ

በደቡብ ወሎ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ ስም በስድስት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። «ሐይቅ» በግእዝ ዳርቻ ማለት ስለ ሆነ የሚገባው ሐመሩ «ሐ» ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ንባብ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንድ ድምፅ በመሆናቸው ጸሐፊ ሁሉ እጁ የለመደውን ይጽፋል። የጎረቤቷ የአምባሰል ከዚህም ይብሳል፤ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ ከሰ እና ከሠ ጋር ሲጣመሩ ስምንት፣ «አምባ ሰል» ተብሎ ሲነጠል ደግሞ 16 አጻጻፍ ይወጣል። ሰው በዚህ ብዙ አይቸገርም። ኮምፒዩተር ግን ለየፊደሉ የተለየ ቁጥር ስላለው፣ በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበውን ሰነድ በሌላው የሚፈልግ ተመራማሪ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል።

የፕሮግራም ማዕቀፎች ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። ስፕሪንግ ቡት በተባለው ማዕቀፍ፣ ከሁለት ቃላት የተሠራ የውቅር ባሕርይ ስም በንኡስ ሰረዝ ወይም በግርጌ ሰረዝ ቢያያዝ፣ አለዚያም ቃላቱ ተጋጥመው ሁለተኛው በላቲን ትልቅ ፊደል ቢጀምር፣ ሁሉም እንደ አንድ ስም ይቆጠራሉ። ይህን አሠራር «ልል ማዛመድ» ብንለው ይሻላል፤ «ልቅ» ብንለው ሥርዓት የሌለው ያስመስለዋል። ሥርዓትስ አለው፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው ሁለተኛ እትም ወዲህ ማዕቀፉ ለማነጻጸሪያ የሚይዘው መነሻ ቅርጽ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በትንንሽ ፊደላትና በንኡስ ሰረዝ የተጻፈው ነው። ልልነቱ ለጸሐፊው እንጂ ለመዝገቡ አይደለም።

በእኛም ዘንድ ለፍለጋ ሲባል ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ተገቢ ነው። የተመለሰውን ቅርጽ በዋናው ጽሑፍ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው። የማዕቀፉ ተጠቃሚ ስሞቹን ራሱ ስለሚያወጣ እንዳይጋጩ አድርጎ ይመርጣቸዋል፤ ቋንቋ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት። «ሠዓሊ» ሥዕል ይሥላል፤ «ሰአሊ» ይለምናል። ፊደሉ ተደምስሶ የመጣለት ተርጓሚ ዐውዱ ካልረዳው የትኛውን ይያዝ?

ልል ማዛመድ የማይደርስበትም አለ። በአምባሰል የምትገኘው፣ በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት ውጫሌ፣ በጣልያን ሰነዶች «ኡቻሊ» ተብላለች። «ው» እና «ዉ» በደንብ ይዛመዳሉ፤ ኡቻሊን ግን የትኛውም የሞክሼ ፊደል ደንብ ወደ ውጫሌ አያደርሳትም። በመዝገቡ ውስጥ ተለዋጭ ስም ተብላ፣ በአዘጋጁ እጅ መግባት ይኖርባታል።