የካርቱም በጎ ፈቃደኞች፡ ስማቸው የማይጠራው ተሸላሚዎች

እአአ ሚያዝያ 15/2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው በርካታ ተማሪዎች ከሐኪሞች፣ ከመሐንዲሶችና ከሰፈር ነዋሪዎች ጋር ሆነው 'የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች' የተሰኙትን የበጎ ፈቃደኞች ቡድኖች አቋቋሙ።

ቡድኖቹ ድንገት የበቀሉ አይደሉም። መሠረታቸው ኦማር አል-በሽርን ከሥልጣን ባስወገደው ሕዝባዊ አመጽ የታወቁት የሰፈር ኮሚቴዎች ናቸው። ከዚያም ጀርባ 'ነፊር' የሚባለው፣ ከእኛው ደቦ ብዙም የማይርቀው የሱዳናውያን የመረዳዳት ልማድ አለ። እአአ በ2013 ጎርፍ ካርቱምን ሲያጥለቀልቅ ወጣቶች የተደራጁት በዚሁ ስም ነበር።

በጎ ፈቃደኞቹ ምግብ ያበስላሉ፤ ቁስለኛ ያጓጉዛሉ፤ ሕፃናትን ያስተምራሉ። ለዚህም እአአ በ2025 የኖርዌዩን ራፍቶ እንዲሁም መቀመጫውን ስቶክሆልም ያደረገውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል።

ሽልማቱ ለግለሰብ ሳይሆን ለኅብረቱ መሰጠቱ ተገቢ ይመስላል። ተፋላሚዎቹ በጎ ፈቃደኞችን 'ለባላንጣችን ይሠራሉ' እያሉ አስረዋል፤ የተገደሉም አሉ። እናም አንድን ወጣት በስሙ ጠርቶ ማመስገን ለአደጋ ማጋለጥ ሊሆን ይችላል። ስም አልባነቱም ግን ዋጋ አለው፦ ቁስለኛ ስታክም የከረመች የሕክምና ተማሪ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ያን ሁሉ ልምድ የሚመሰክርላት ወረቀት ላይኖራት ይችላል።

ክብሩ ደግሞ ድስት አይሞላም። አሜሪካ እአአ በ2025 መጀመሪያ የውጭ እርዳታዋን ስታቋርጥ በርካታ የቡድኖቹ ማብሰያዎች ተዘግተዋል።