ለመንገድ ልጅ ሁሉ እንግዳ ነው

በበዓል ሰሞን ወደ ቆቦ የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አለ፤ ከጅዳና ከሪያድ የሚመለስ አለ፤ ልጆቹን ከአያቶቻቸው ሊያስተዋውቅ ከአሜሪካ የሚመጣም አለ። ሰላምታው አልቆ ቡናው ሲቀርብ፣ ስለ ጤናና ስለ አዝመራው ተጠያይቀው ሲያበቁ፣ ወሬው ብዙ ጊዜ ወደ መንገዱ ይዞራል። እንግዶቹ ያዩትን ይዘረዝራሉ። ከኋላ አራት፣ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው የጫነ ባጃጅ፤ በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች፤ አስፋልቱን አቋርጦ የሚያዘግም የግመል መንጋ፤ መንጋው ተሻግሮ ሳያበቃ ጥሩምባውን እየነፋ በመሀል የሚሰነጥቅ አይሱዙ። «እዚህ አገር የትራፊክ ሕግ የለም እንዴ?» ይላሉ። የቤቱ ሰዎች ይስቃሉ። «ትለምዱታላችሁ» ይሏቸዋል።

እውነትም ይለምዱታል። በመጀመሪያው ቀን የልጃቸውን እጅ ጨምድደው ይዘው የተሻገሩ ወላጆች፣ በሳምንቱ ልጁን ፊት ፊታቸው ይለቁታል። መኪናው አልቀነሰም፤ ፍጥነቱም ያው ነው። የተለወጠው ዓይናቸው ብቻ ነው። ዛሬ ወላጆችንና አያቶችን ልናነጋግር የፈለግነው ስለዚሁ መልመድ ነው። ትልቅ ሰው መንገድን ይለምዳል። ትንሽ ልጅ ግን ቆቦ ተወልዶ ቆቦ ቢያድግም፣ ለመንገድ ገና እንግዳ ነው።

ሜዳው ያታልላል

ቆቦ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአዲስ አበባ የተነሣ ሾፌር ጣርማ በርን፣ የደሴን ዙሪያ ጠመዝማዛና የወልድያን ተራሮች አልፎ ነው የሚደርስባት። ወደ ሰሜን ለሚቀጥለው ደግሞ ከአላማጣ በላይ የግራ ካህሱ ዳገት ይጠብቀዋል። በዳገቱና በጠመዝማዛው ላይ ሾፌር ሁሉ ገደሉን እያየ ይጠነቀቃል። ጎብዬንና ሮቢትን ሲይዝ ግን መሬቱ ይዘረጋል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ራቅ ብለው ይታያሉ፤ መንገዱ ቀጥ ይላል። ተራራ ላይ የባከነውን ሰዓት ማካካሻ ቦታ ያገኘ ስለሚመስለው እግሩን ነዳጁ ላይ ይጥላል።

ሜዳው ግን ባዶ አይደለም። ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦና ዋጃ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ከተሞች ናቸው። ለሾፌሩ አገር አቋራጭ መንገድ የሆነው ለነዋሪው የሰፈሩ ዋና ጎዳና ነው። ቤቱ ከወዲህ፣ ሱቁና ወፍጮው ከወዲያ ይሆንበታል። መንገዱን በመኪና ልክ የሠራው ጣልያን ነው፤ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዲስ አበባን ከአስመራ ለማገናኘት። ከዚያ በፊት በዚህ አገር የሚሄደው ሲራራ ነጋዴና መንጋ ነበር። ስለዚህ የራያ እረኛ ከብቱን ሲያሻግር ሕግ የጣሰ አይመስለውም። አባቱም አያቱም የሄዱበት አገር ነው፤ በእሱ ዓይን እንግዳው መኪናው ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ደግሞ ወደ አላማጣ የሚያልፈው መንገድ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ወቅት መራመድ የጀመሩ ሕፃናት የሚያውቁት ጭር ያለ አስፋልት ነው። መንገዱ ሲከፈትና የጭነት መኪናው ሲመለስ፣ ለእነሱ ፍጹም አዲስ ነገር ነበር።

ሕጉስ አለ

የእንግዶቹ ጥያቄ መልስ አለው። ሕግ አለ። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ስለ ፍጥነት ወሰን፣ ስለ ደህንነት ቀበቶና እየነዱ በእጅ ስልክ ስለ ማውራት ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ሾፌርን ጨምሮ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ደንብና መመሪያን በግልጽ ጥሶ ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ሰው ከገደለ፣ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይደርሳል። በወረቀት ላይ የላላ ሕግ አይደለም።

የላላው ሕጉን የሚይዘው እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2016 በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብሎ በመንግሥት የተመዘገበው 4,352 ሰው ነበር፤ የድርጅቱ ግምት ግን ከ27,000 በላይ ነው። ልዩነቱ የሚነግረን ብዙ ሞት በፖሊስ መዝገብ ሳይሰፍር በለቅሶ ብቻ እንደሚያልፍ ነው።

ከለቅሶው በኋላ የሚሆነውን ደግሞ እናውቀዋለን። ሽማግሌ ይላካል። ራያ የደም ጉዳይ የሚታረቅበት ዘወልድ የሚባል የቆየ ሥርዓት ያለው አገር ነው፤ እርቁም ቂም አስቀርቶ ስንት ቤት አድኗል። ነገር ግን እርቅ ሁለት ቤተሰብን ያስታርቃል እንጂ የመኪናውን ፍጥነት አይቀንስም። ከዚያም ላይ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ደግ ቃል ነው። ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ጭነቱና ስለ እንቅልፉ መጠየቅ ካስቀረ ግን፣ የሚቀጥለውን ልጅ ለአደጋ ያጋልጣል።

ከዐረብ አገር የተመለሱ ልጆቻችን ይህን ልዩነት በደንብ ያዩታል። ሳውዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ «ሳሂር» የተባለ የካሜራ ቁጥጥር አላት፤ ፍጥነት ያለፈ ሾፌር ቅጣቱ በስልኩ ይደርሰዋል። እዚያ ቀበቶ ሳያስር የማይነዳው ሰው፣ እዚህ ሲደርስ ቀበቶውን ይረሳዋል። ሰውየው ያው ነው። የተለየው ከእሱ የሚጠበቀው ነው።

አገር በሙሉ እንግዳ የሆነበት ቀን

የእንግዳ ፍርሃት ምን ያህል እንደሚጠቅም ስዊድን በአንድ ቀን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 የአገሪቱ መኪና ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነዳ ተደረገ። ሾፌሩም እግረኛውም በገዛ አገሩ እንግዳ ሆነ። ብዙ እልቂት ተፈርቶ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በማግሥቱ ሰኞ የተመዘገበው ግጭት 125 ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሰኞዎች ከ130 እስከ 198 ይደርስ ነበር። ሁሉም ስለፈራ ሁሉም ቀስ አለ። ሰዉ አዲሱን መንገድ እየለመደ ሲሄድ ግን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የአደጋው ቁጥር ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እኛም በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገርን ሕዝብ ነን፤ በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ያስታውሱት ይሆናል።

እንግዲህ ከአሜሪካ የመጣው የልጅ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ «እፈራለሁ» ሲል፣ መሳቅ አይገባም። ትክክለኛውን ነገር እያየ ነው።

የአምስት ሰከንድ ሂሳብ

ሰባት ሜትር ያህል ስፋት ያለውን አስፋልት አንድ ትንሽ ልጅ በእግሩ ለማቋረጥ አምስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በዚሁ አምስት ሰከንድ 110 ሜትር ይጓዛል፤ ከኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። ልጁ እግሩን ሲያነሣ መኪናው ከኳስ ሜዳ ማዶ ነበር ማለት ነው። ለእሱ «ሩቅ ነው»። ዘጠኝ፣ አሥር ዓመት እስኪሞላ ድረስ ልጅ የሚመጣ መኪናን ፍጥነትና ርቀት አዛምዶ መገመት ይቸግረዋል። በዚያ ላይ አጭር ነው፤ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ብቅ ሲል ሾፌሩም አያየውም።

የሾፌሩም ሂሳብ አለ። ደህና ፍሬን ያለው የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በ30 ሲነዳ 13 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በ50 ሲነዳ 28 ሜትር ያህል፤ በ80 ሲነዳ ወደ 60 ሜትር ይጠጋል። ጭነት የሞላ አይሱዙ ደግሞ ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። ሕዝቡ ይህን መኪና «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ለቀልድ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳያልፍ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነት ዝናም ጉልበትም አይመርጥም። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. ቮልስዋገኑ የተገለበጠችበት በዚሁ የደሴ መንገድ ላይ፣ ሸኖ አካባቢ ነው። ዓለምን በሁለት ማራቶን የረታ እግር ከዚያ ሌሊት በኋላ መሬት አልረገጠም።

ከቤት የሚጀመር

ትራፊክ ፖሊስ በየኪሎ ሜትሩ አይቆምም። በየቤቱና በየመኪናው ግን እናት፣ አባት ወይም አያት አለ። ከዚህ የሚጀመሩ ነገሮች እነሆ።

ልጁ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበትን መንገድ አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱ። በሚሻገርበት ቦታ በቁመቱ ልክ ቁጢጥ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከእናንተ ቁመት የሚታየው መኪና ከእሱ ቁመት ላይታይ ይችላል። የተሻለ መሻገሪያ ካለ፣ ትንሽ ቢያስኬድም ያን አስለምዱት።

አሥር ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጨው ወይም ስኳር እንዲገዛ አስፋልት አታሻግሩት። ታናሹንም አደራ ሰጥታችሁ አትላኩት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ መንገድ ማሻገርም እንዲሁ ነው። ስትሻገሩ የልጁን እጅ ከጣቱ ሳይሆን ከአንጓው ያዙ። ዳር ዳሩን ስትሄዱ ልጁ በውስጥ፣ እናንተ በመኪናው በኩል ሁኑ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችሁን ይዛችሁ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ።

ባጃጅ ላይ ልጅን ከሾፌሩ ጎን አታስቀምጡ። ከአውቶቡስ ወይም ከሚኒባስ ከወረዳችሁ በኋላ መኪናው እስኪሄድ ጠብቁ፤ በፊቱም በኋላውም አትሻገሩ። ሲመሽ ነጠላና ጋቢ ከጥቁር ልብስ ይልቅ ከሩቅ ይታያል። ከብቱም ሳይጨልም ቢገባ ለእረኛው ልጅ ደህንነት ነው።

አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ የሰሌዳ ቁጥሩን ያዙ፤ ለፖሊስም አስመዝግቡ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና የተጎዳ ሰው በማንኛውም የጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል፤ አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠው መጠን እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅም የመድን ፈንድ ካሳ የሚከፍልበት ሥርዓት አለ። «ሾፌሩ ጠፍቷል» ተብሎ ጉዳዩ ሊተው አይገባም።

የመጨረሻው ነገር የአያቶች ድርሻ ነው። በወሎ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ተናግረው አልሰማም ብሎ በድፍረት የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው። ስለዚህ መኪናው ሲፈጥን ዝም ብሎ ዳዊት መድገም ወይም ዱዓ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ጸሎቱ ሳይቀር ቃልም ያስፈልጋል። «ልጄ፣ ቀስ በል። ልጅ ይዘናል፤ ብንዘገይ ማንም አይቆጣንም።» ይህን የሚል አንድ ድምፅ ሲነሣ፣ ፈርተው ዝም ያሉት ተሳፋሪዎች ሁሉ ይከተላሉ።