ለዛፍ ተከላ የሚሰጥ ገንዘብ ለአራዊት መጠጊያ እንዲሆን

ዛፍ መትከል መልካም ሥራ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ለተከላ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው፣ ዛፉ አድጎ ለማን መጠጊያ እንደሚሆን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ስለዚህ ነገር ለክቡራን አባቶችና ለእመቤቶች ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን።

ካቺሲ በምዕራብ ሸዋ የግንደ በረት ወረዳ ከተማ ናት። የወረዳው መሬት በሰሜን በኩል እስከ አባይ ወንዝ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር ከአፋፉ ላይ ዛፍ ሲያልቅ የክረምት ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሸለቆው ያወርደዋል፤ በዛፉ ተጠልሎ ይኖር የነበረውም አውሬ ቤቱን ያጣል። እርሻና ማገዶ በበዛበት ደጋ የአገር ዛፍ ተርፎ የሚገኘው በብዙ ስፍራ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያና በገደል ላይ ነው። በኦሮሞ አባቶችም ዘንድ ኦዳ የሸንጎና የምርቃት ዛፍ ሆኖ ሲከበር ኖሯል። ሰው የሚያከብረውን ዛፍ አይቆርጠውምና።

በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ በጊንጪ አጠገብ፣ ጥድና ዝግባ ወይራም ያለበት የጪሊሞ ደን አለ። ጉሬዛ ይኖርበታል። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ፍጹም ነጭ ነው፤ እናቱ ብቻ ሳትሆን ሌሎቹም እንስቶች እየተቀባበሉ ያቅፉታል። ይህ ቤተ ሰብ ቅጠል በልቶ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ተሻግሮ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ደኑ ሲቆራረጥ ኑሮውም አብሮ ይቆረጣል። የአካባቢው ገበሬዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማኅበር ሆነው ከመንግሥት ጋራ ደኑን እንዲጠብቁ፣ ከጥቅሙም እንዲካፈሉ ተደርጓል። ቆሞ ያለውን ደን መጠበቅ ከአዲስ ተከላ የሚያንስ ሥራ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የአራዊት ፍላጎት ግን አንድ አይደለም። ድኩላ የሚሸሸገው ከዛፉ ሥር ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሥሩ ሁሉ ተመንጥሮ የጸዳ ደን አይበጀውም። በሙገርና በጀማ ገደሎች የሚኖረው ጭላዳ ደግሞ ምግቡ ሣር፣ መኝታው ገደል ነው። እርሱ የሚግጥበትን የአፋፍ ሣር በችግኝ መሸፈን፣ ምንም በቅን ልብ ቢሆን፣ ማዕዱን እንደ መንጠቅ ይቆጠራል።

ባሕር ዛፍንም ያለ ፍርድ ልንነቅፈው አንወድም። በ1880ዎቹ ከመጣ በኋላ፣ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ የነበረችው አዲስ አበባ በስፍራዋ እንድትጸና ረድቷል። በጓሮና በእርሻ ዳር ለማገዶና ለቤት ሥራ ቢተከል የአገሩን ዛፍ ከመጥረቢያ ያድነዋል። ዳሩ ግን ባሕር ዛፍ ብቻ የቆመበት ኮረብታ፣ ልዩ ልዩ ቅጠልና ፍሬ ለሚሻ አውሬ የጥድና የወይራን ደን አይተካለትም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ይተከላል። የተተከለው ሁሉ ግን አይጸድቅም፤ ከብት ይግጠዋል፣ በጋም ያደርቀዋል። በኬንያ ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ በ1969 ዓ.ም. የመሠረቱት የአረንጓዴ ቀበቶ ማኅበር ለባላገር ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይከፍል የነበረው ስለ ጸደቀው ችግኝ ነበር። እርሳቸውም በ1997 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል።

ስለዚህ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ወይም ሲድር ለዛፍ ገንዘብ ሊሰጥ የሚወድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ እንመክራለን። በስፍራው የሚኖረው አውሬ ምን እንደ ሆነ ከባላገሩ ይጠይቅ። የአገሩን ዛፍ፣ ከቆመው ደን ጋራ በሚገናኝ ቦታ፣ በሰኔና በሐምሌ ያስተክል። ከገንዘቡም እኩሌታውን በተከላው ጊዜ፣ እኩሌታውን በሦስተኛው ዓመት፣ የጸደቀው ተቈጥሮ፣ አጥሮና አጠጥቶ ላሳደገው ቤተ ሰብ ይክፈል። ችግኙን የሚጠብቀው ባላገር ከብቱን ከግጦሽ ከልክሎ ነውና፣ ድካሙ ያለ ዋጋ ሊቀር አይገባም።

የመናገሻን ደን በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንዳስተከሉት ይነገራል። ዛሬም ጉሬዛና ድኩላ ይኖሩበታል። ጥድ ቶሎ አያድግም፤ ገንዘቡን የሚሰጠው አባት የዛፉን ጥላ ላያየው ይችላል፤ ልጆቹ ግን ያዩታል።